የትናንት ቁጥር

ሌላው ጠመንጃውን ይዞ ይሰለፋል፣
እኔ ድስት ተሸክሜ ሌሊቱ ይገፋል።
ሻምፓኝ ነው አገሩ፣ የወይን ጠጅ አገር፤
ጭቃው ግን ኖራ ነው፣ ነጣን ከራስ እስከ እግር።
ላየን ሰው ወፍጮ ቤት ውለን የገባን ነው፣
ከምሽግ ሳይሆን እህል ፈጭተን የመጣን ነው።

ማታ ማታ እወርዳለሁ፣ ከኋላ፣ ከማድቤት፤
ዳቦው በሽቦ ተሰክቶ፣ እንደ ጨሌ ባንገት፣
ሾርባው በባልዲ፣ ወይኑ በኮዳ፣
በጠባቡ ቦይ ስመለስ፣ ግድግዳ ለግድግዳ፣
ዓይኔ ሥራ ፈትቶ እጄ ነው የሚያየው፤
እዚህ ጋ ሥር አለ፣ እዚህ ሳንቃው የላላ ነው፣
እዚህ ጋ ከግድግዳው አንድ ጫማ ወጥቷል፣
የማን እንደሆነ መጠየቁ ቀርቷል፤
የሚያልፈው ሁሉ ግን ዳሰስ ያደርገዋል፣
«ደህና እደር ጎረቤት» ይለዋል።

«ማነህ?» ሲሉኝ ከጨለማው፣ «ሾርባ ነኝ» እላለሁ፤
«ፊርሚን ነኝ» ብዬ ብመልስ እስካሁን ሞቻለሁ።

ቀን ቅማል እንጠብሳለን፣ ሸሚዙን ገልብጠን፣
በስፌቱ መስመር ሻማ አስጠግተን፤
ጠስ ጠስ ሲል ደስ ይላል፤ እስካሁን በዓይኔ
ያየሁት ድል ይኸው ነው፣ ሌላ አላውቅም እኔ።

የኢስታሽ ሚስት ጻፈች፤ ላሚቱ ወለደች።
ደብዳቤዋ ከእጅ እጅ እየዞረች አለቀች።
ሁለት ቀን ተከራከርን፣ የጥጃው ስም ማን ይሁን፣
ገበሬው ስም ሲያወጣ ደወል መቺው ሲሽርብን።
ስምም ተገኘ፣ ሁሉም እጁን አነሣ፤
በሦስተኛው ቀን ግን
ለሴትዮዋ ስሙን የሚጽፍላት ጠፋ።

አሥር አለቃ ቴዎዱል፣ የባቡር ትኬት ቆራጭ የነበረ፣
እርሳሱን በምላሱ እያራሰ እኛን ደመረ።
ቁጥራችን የሚሄደው በየጠዋቱ ነው፤
ዳቦው የሚመጣው በማግሥቱ ማታ።
በመካከል ያለው አንድ ቀን የጌታ ነው፣
(ወይም የመድፈኞች)።
ስለዚህ ዳቦው ምንጊዜም የትናንት ነው፤
አሥራ ሁለት ተብሎ ይመጣል፣ አፍ ግን ዘጠኝ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን እጃችን ይፈራል፤
የኦክታቭን ድርሻ ማን ደፍሮ ይቆርሳል?
በሦስተኛው ሳምንት ሆድ ሕግ ያወጣል፤
«ሟች ያተርፋል እንጂ አያጎድልም» ይላል።
ይኸ ቀልድ ነበረ።
አሁን ሒሳብ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ማንም ሳይሞት ዋለ።
ሙሉ ቀን። መድፉም ዝም አለ።
ዳቦው ልክ መጣ፣ ላሥራ ሁለት አሥራ ሁለት፤
ባርናቤ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ፣ ፊቱ ጠቆረበት፤
«ትርፍ የለም?» አለ።
ማንም አልመለሰ።
ሻማው ብቻ ራሱን ነቅንቆ ፈሰሰ።
እኔም ጠይቄ ነበር፣ በሆዴ፣ ሳልናገር፤
ይኸን ለሚስቴ አልጻፍኩም።
የጻፍኩላት ስለ ዝናቡ ነበር።

ማዶ ያሉት ሠላሳ እርምጃ ናቸው።
ሽንኩርት ሲያቁላሉ ሽታው እኛ ጋ ይደርሳል፣
ከእነርሱም አንደኛው ጠዋት ጠዋት ይስላል፣
ደረቅ ሳል፣ ከጥልቅ የሚቆፈር፣ የሽማግሌ ሳል።
ፊቱን አይተን አናውቅም፤ «አያ ሳል» ብለነዋል፤
ሰዓቴ ከቆመ ወር አልፎታል፣
በእርሱ ነው የምንነሣው።

ዛሬ ጎሕ ቀደደ፣ አያ ሳል ዝም አለ።
ጠበቅን።
ባርናቤ ጆሮውን ከጆንያው ላይ ጣለ።
አይጥ ብቻ፣ ጠብታ ብቻ፣
የራሳችን ትንፋሽ ብቻ።
ማንም ደስ አላለው። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣
ጠላት እኮ ነው፤ አንድ ቢጎድል ምን አገባኝም
ልል ነበር፣ አፌ እምቢ አለ።

ቴዎዱል እርሳሱን አራሰ፣ ወረቀቱን ዘረጋ፣
የእኛን ቁጥር ጻፈ፣ እንደ ወትሮው፤
ከዚያ ወደ ማዶ፣ ወደ ሽቦው አየና፣
«እዚያም ዛሬ ማታ» አለ፣ «አንድ ዳቦ ይተርፋቸዋል።»

እኔ ባልዲዬን አጠብኩ።
ሽቦዬን አቃናሁ።